ስኳር ያለባቸው እናት በባዶ ሆድ «ዎክ» ይውጡ?

ጥያቄ፦ «እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ፒያሳ አካባቢ ነው የምንኖረው። ስኳር ከተገኘባት 14 ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚን፣ ጠዋት ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች፤ ለግፊት ኢናላፕሪል አላት። ኢንሱሊን አልጀመረችም። ‹እንቅስቃሴ አድርጊ› ከተባለች ወዲህ ኪኒኗን ውጣ ጠዋት 12 ሰዓት ትወጣለች፤ ጊዮርጊስን ተሳልማ ቸርችልን ይዛ ጥቁር አንበሳ ድረስ ትወርድና በእግሯ ትመለሳለች። ቁርስ የምትበላው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሞኑን ስትመለስ ዳገቱ ላይ አዞራት፣ ላብ አጠመቃት፣ መንገደኛ ደግፎ አስቀመጣት። እግሯም ይደነዝዛታል። ወንድሜ ‹ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ› ይላታል። እኔ ጂም ላስመዝግባት እያልኩ ነው። ማናችን ነን ልክ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እናትሽ ቤት መቀመጥም ጂም መግባትም አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው የሚወጡበት ሰዓት መቀየሩ፣ መንገዱ ማጠሩ፣ ከዚያም እስካሁን ማንም ያልነገራቸው የእግር ጡንቻ ሥራ መጨመሩ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪማቸው ይያቸው። እስከዚያ የቸርችል ዳገት ይቅር፤ ብቻቸውንም አይውጡ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ኪኒን የመቀነስና የመቀየር ሥልጣኑ የሐኪሙ ስለሆነ፣ ስለ መድኃኒት የምጽፍልሽ ቀጠሮው ላይ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ብቻ ነው።

«እንቅስቃሴ አድርጊ» ብሎ መሸኘት የእኛ የባለሙያዎች ስንፍና ነው ብዬ አምናለሁ። በስንት ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ የትኛውን ኪኒን ለሚወስድ ሰው፣ በምን ዓይነት ጫማ? ይህ ሳይነገር የሚሰጥ ምክር ስምና መጠን ያልተጻፈበት የመድኃኒት ማዘዣ ነው። እናትሽ የተባሉትን አድርገዋል፤ ያውም ከብዙ ወጣት በላይ።

ዳገቱ ላይ የሆነውን እንየው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋል፤ ሰውየው በላ አልበላ አይለይም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ስኳርን ከልክ በታች ሲያወርድ እምብዛም አይታይም። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ደግሞ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ በራሱ መንገድ ከደም ስኳር ይስባል። እንቅስቃሴ ለስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነበት አንዱ ትልቅ ምክንያትም ይኸው ነው። እንግዲህ ኪኒኑ በአንድ በኩል፣ ጡንቻው በሌላ በኩል፣ ከማታ ጀምሮ ምግብ ያልገባበት ሆድ ተጨምሮበት ሲስቡት ስኳሩ የት ይደርሳል? ቸርችል ደግሞ ሲወርዱት አይታወቅም። ከማዘጋጃ ቤት ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከዚያም ጥቁር አንበሳ ድረስ ቁልቁል ነው። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ሰውነት ከደከመና ስኳር መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ፊትን ወደ ቤት ሲያዞሩ ነው። ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ። ማዞሩና ላቡ አንድ ላይ መምጣታቸው ስኳር ወርዶ እንደነበር ያስጠረጥራል።

ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም፤ በሰዓቱ አልተለካማ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ግፊት ነው። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ስሜት ብቻ ሳይሆን የደም ሥርን የሚያጠብቁና የሚያላሉ ነርቮችንም ይጎዳል። በዚያ ላይ የግፊት ኪኒን ሲጨመር ሰው ብድግ ሲል ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። የግፊት መለኪያ ካላችሁ ቤት ውስጥ ሞክሪው። 5 ደቂቃ ያህል ጋደም ይበሉና ለኪ፤ ከዚያ ይቁሙ፤ በ1ኛው እና በ3ኛው ደቂቃ ድገሚ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጽፈሽ ለሐኪሙ ውሰጂ። ሦስተኛው ልብ ነው። ስኳር ያለባቸው አረጋውያን ልባቸው ደም ሲያጥረው ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል። የትንፋሽ ማጠር፣ ላብ፣ ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል ምልክቱ። ስለዚህ «ምግብ ስላልበላች ነው» ብለን በራሳችን ፈርደን አንለፈው። የልብ ምርመራ ሳይደረግላቸው ዳገት አይወጡም።

ቀጠሮው ላይ ስለ ግሊቤንክላሚድ በቀጥታ ጠይቂ። ጉልበቱ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ የሚችል ኪኒን ነው፤ ኩላሊት ሲዳከም ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይመች አስፍሯል፤ በዚያው ክፍል የቀረበው ግሊክላዛይድ ነው። «እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ መንገድ ላይ አዞራቸው፣ ይህ ኪኒን ይቀየርላቸው ወይ? የኩላሊት ምርመራስ መቼ ተደረገላቸው?» በይ። ድፍረት አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ ሳያውቅ ኪኒኑን ማስቆም አይሆንም፤ ስኳሩ ወደ ላይ ቢሄድ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሐኪሙ ሌላ ካላለ በቀር ኪኒኑ ከቁርስ ጋር ይሁን፤ እግር ጉዞው ከቁርስ በኋላ። በባዶ ሆድ መሄድ ለሁሉም ሰው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ጎረቤታችሁ ጠዋት ቢወጣ ላይጎዳ ይችላል። ለእናትሽ ግን አይሆንም።

ደግሞም አንድ ረጅም መንገድ በቀን አንዴ ከመሄድ ይልቅ አጭር አጭሩን ከምግብ በኋላ መሄድ ለእሳቸው ሳይሻል አይቀርም። ኒውዚላንድ ውስጥ በኦታጎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 41 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞችን ይዞ ሁለቱን አነጻጽሯል፦ በቀን 30 ደቂቃ በፈለጉት ሰዓት መሄድና ከየዋናው ምግብ በኋላ 10 ደቂቃ መሄድ። ከምግብ በኋላ የሄዱት ስኳራቸው ምግቡን ተከትሎ የሚያሻቅበው ባማካይ በ12 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከራት በኋላማ ልዩነቱ 22 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው ራት በልቶ ቀጥሎ የሚያደርገው ቁጭ ማለት ነው። የእኛን ቤት አስቢው። እንጀራው በሽሮ ይበላል፣ ሻይ ይከተላል፣ ከዚያ ዜናና ድራማ፣ ከዚያ አልጋ።

እንግዲህ ከቁርስ በኋላ 10 ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ 10፣ ከራት በኋላ 10። በሳምንት 5 ቀን ሲሆን 150 ደቂቃ ሞላ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን ቢያንስ ይህን ያህል ነው የሚመክረው። ለዚህ ጥቁር አንበሳ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ አሁን በተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ከደጃፋችሁ ሜዳ ሜዳውን ሄዶ መመለስ ይበቃል። ማታ ጨለማ ነውና ግቢ ውስጥ ወይም ከሳሎን ጓዳ ይመላለሱ። ክረምትም መንገዱ ሲያዳልጥ እንዲሁ። ፍጥነቱን በዚህ ይለኩት፦ አብሯቸው ከሚሄድ ሰው ጋር ማውራት ከቻሉ፣ መዝሙር ልዘምር ቢሉ ግን ትንፋሽ ካጠራቸው ልክ ነው። ማውራትም ካቃታቸው በዝቷል። ቤተ ክርስቲያን መሳለሙ ደስታቸው ነውና አይቅር፤ በልተው ይሂዱ፣ ዳገቱ ሳይጨመርበት። አስቀድሰው ካልሆነ አይበሉም ከሆነ፣ በዚያ ቀን ኪኒኑ መቼ እንደሚወሰድ ሐኪሙ ይወስን።

የስኳር መለኪያ ማሽን ካላችሁ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመውጣታቸው በፊትና ሲመለሱ ለኩ። ከመውጣታቸው በፊት ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሙዝ ይብሉ። ከ70 በታች ከሆነ መሄዱ ቀርቶ ሕክምናው ይቅደም፦ 3 የሻይ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ግማሹን፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ይለካ፤ ካልወጣ ይደገም። ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ከ250 በላይ ሆኖ የሚያስመልስ፣ የሚያስጠማ፣ የሚያደክም ነገር ካለ ግን ዕረፍትና ሐኪም ነው እንጂ ዎክ አይደለም። እናቶች መቀነታቸው ላይ ቆሎ ቋጥረው ይወጣሉ። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ለወረደ ስኳር ግን አይደርስም፣ ሆድ ውስጥ እስኪፈጭ ጊዜ ይወስዳል። ቸኮሌትም እንዲሁ፤ ቅባቱ ያዘገየዋል። ኪስ ውስጥ መኖር ያለበት በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ወይም ከረሜላ ነው። «ስኳር የለውም» የሚለውን ለስላሳ ገዝቶ ማጠጣትም በዚያች ሰዓት ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ልጨምር። ግፊታቸው አንድ ቀን ወደ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከተቀየረ፣ ስኳር ሲወርድ የሚመጣው መንቀጥቀጥና የልብ ምት ሊደበቅ ይችላል። ላቡ ግን አይደበቅም፤ እሱን ይጠብቁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ልምጣ፤ ለእናትሽም ከሁሉ ይበልጣል ወደምለው። «እንቅስቃሴ» ሲባል በከተማችን ሰው ልብ ውስጥ ያለው ዎክ ብቻ ነው። ነገር ግን ከምግብ የምናገኘውን ስኳር ከሚቀበሉት ዋነኞቹ አንዱ ጡንቻ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ስኳር ደግሞ ያፋጥነዋል። መቀበያው እያነሰ ሲሄድ ኪኒኑ ብቻውን ይታገላል። መሄድ ልብና ትንፋሽን ያጠናክራል፤ የጠፋ የጭን ጡንቻ መመለስ ላይ ግን ደካማ ነው። ለዚህ ጡንቻን የሚያስጨንቅ ሥራ ያስፈልጋል።

«በዚህ ዕድሜ?» ትይ ይሆናል። ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የተሠራና በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ 10፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ነበር። ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት ካሠሩ በኋላ ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስኳር ባለባቸው 62 አረጋውያን ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ታተመ። ግማሾቹ ለ16 ሳምንት በሳምንት 3 ቀን የጡንቻ ሥራ ሠሩ፤ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራቸው (ኤችቢኤዋንሲ የምትሉት) ባማካይ ከ8.7 ወደ 7.6 ወረደ። ይህ ከአንድ ጥሩ ኪኒን የማያንስ ነው።

እናትሽ ክብደት ማንሻ አያስፈልጋቸውም፤ ክብደቱ የራሳቸው ሰውነት ነው። ግድግዳ የተደገፈ ጠንካራ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቁጭ ብድግ ይበሉ። መጀመሪያ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚችሉ ቁጠሪላቸው። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሴቶች ከ10 በታች ከሆነ እግር ደክሟል፣ የመውደቅ ስጋትም አለ ማለት ነው። ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት ካቃታቸው ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረሽ ከፍ አድርጊው፤ በእጃቸው ቢደገፉም ለመጀመሪያው ሰሞን ችግር የለም። ሥራው 8 ጊዜ ቁጭ ብድግ፣ 1 ወይም 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ ድጋሚ 8 ነው። ሳምንታት አልፈው 12 ሲቀላቸው ትራሱን አንሺ፣ ከዚያ ዝቅ ወዳለ ወንበር፣ በመጨረሻም ዱካ ላይ። ቡና እያፈሉ ከዱካ ተነስተው ግድግዳ ሳይዙ ረከቦቱን መዞር የቻሉ ዕለት የደም ግፊትና የስኳር ቁጥር የማይነግርሽን ታያለሽ። ደግሞም የጓዳ ጠረጴዛ ላይ ተደግፈው በእግር ጣት ከፍ ዝቅ፣ ግድግዳ ላይ በመዳፍ ተደግፎ ገፋ መለስ፣ በየእጃቸው ውሃ የሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዘው ክንድ ማጠፍና መዘርጋት። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመሃል አንድ ቀን እያረፉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ድግግሞሾች ከበድ ካላሉ ሥራው ቀሎባቸዋል ማለት ነው። ትንፋሽ መያዝ ክልክል ነው፤ ድምፅ አውጥተው እየቆጠሩ ይሥሩ፣ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። እንቅስቃሴ ስኳር ላይ ያለው ውጤት አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠፋልና ከሁለት ቀን በላይ ባዶ አይለፍ። ውጤቱ ሌሊትም ስለሚቀጥል ማታ የሠሩ ዕለት ከመተኛታቸው በፊት ብትለኪ አይከፋም።

እግር ይደነዝዛል ብለሻል። ድሮ እንዲህ ያለ ሰው እንዳይሄድ ይባል ነበር። አሁን ቁስል እስከሌለ ድረስ መሄድ አይከለከልም፤ ቁስል ካለ ግን የዚያ እግር ጉዞ ይቆማል። ሸበጥና ነጠላ ጫማ ለእሳቸው አይሆንም። ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ተረከዙን የሚይዝ የተዘጋ ጫማ ከጥጥ ካልሲ ጋር ይሁን። ጫማ ሲገዛ ከሰዓት በኋላ ይለካ፣ እግር ያን ጊዜ ያብጣል። ከማጥለቃቸው በፊት እጃቸውን ሰደው ውስጡን ይዳብሱ፤ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁር ላይሰማቸው ይችላል። ማታ መዳፉንና የጣቶቹን መሃል ብታይላቸው ጥሩ ነው፤ ጎንበስ ማለት ከከበዳቸው መስታወት መሬት ላይ ያድርጉ። አንድ የሚያሳዝነኝን ልንገርሽ። ብርድ መቶት የመጣ እግር በሙቅ ውሃና በጨው ይነከራል፣ ወይም ከሰል ማንደጃው አጠገብ ይዘረጋል። ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል ዝም ይላል። ውሃውን አንቺ በክርንሽ ሞክሪው፣ ማንደጃው ይራቅ።

የደነዘዘ እግር ሚዛንም ይነሳል፤ ወለሉን በትክክል አይነግርማ። በየቀኑ የጓዳውን ጠረጴዛ ይዘው አንዱን እግር ከሌላው ፊት ተረከዝ ከጣት አግጥመው ይቁሙ። 10 ሰከንድ ሳይያዙ መቆም ካልቻሉ ለመውደቅ ቅርብ ናቸው፤ ውጭ ሲወጡ መቋሚያ ይያዙ። መቋሚያ መያዝ ለእናቶቻችን ሽማግሌ መባል ስለሆነ እንቢ ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲይዙት አያፍሩም፣ መንገድ ላይስ?

ዓይናቸው ውስጡ ታይቶ ያውቃል? ከስኳር የተነሳ አዲስ የደም ሥር ያበቀለ ዓይን ካለ ከባድ ነገር ማንሳትና ራስን ዝቅ አድርጎ መቆየት ደም ሊያፈስ ይችላል። ግንባርን መሬት የሚያስነካ ስግደትም ከዚህ ይገባል። ስለዚህ ዓይን ሐኪም እስኪያያቸው ስግደቱን በአንገት ዝቅታ ያድርጉት፤ የንስሐ አባታቸው ይህን አይከለክሉም። ጾሙንም ቢሆን እስከ 9 ሰዓት ከዚህ ኪኒን ጋር መጾም ዳገቱ ላይ ከሆነው አይለይም፤ ሁዳዴ ሳይገባ ሐኪሙንና የንስሐ አባታቸውን አንድ ላይ ያማክሩ።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ፍርሃቱ ከፍቅር ነው። ግን በአሜሪካ ከ70 እስከ 89 ዓመት ያሉ፣ ውሎአቸው መቀመጥ የነበረ 1,635 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳዪው። የሚሄዱ፣ የጡንቻና የሚዛን ሥራ የሚሠሩት፣ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ 400 ሜትር መሄድ የማይችሉበት ደረጃ ላይ የመድረስ ዕድላቸው በ18 በመቶ ቀንሷል። መቀመጥ ከመውደቅ አያድንም፤ እግሩን አድክሞ መውደቁን ያቀርበዋል።

ጂሙን ተዪው። አሁን በየፎቁ የተከፈተው አብዛኛው ለወጣት የተሰናዳ ነው፤ አሠልጣኙ የስኳር መውረድን የሚያውቅ፣ ከጎናቸው የማይለይ ካልሆነ በወር የምትከፍይው ከንቱ ነው። ያንን ብር ለመለኪያ ስትሪፕና ለደህና ጫማ አውዪው፤ ቀጠሮውንም እስከሚመጣው ወር አታቆዪው፣ በዚህ ሳምንት ይሁን።